ሊጨመርበት የሚችል ላፕቶፕ፦ ለአዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን ይገዛ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና የዩኒቨርሲቲ ምደባ በታወቀ ማግሥት በባሕር ዳር የኮምፒውተር ሱቆች አንድ ዓይነት ደንበኛ ይበዛል። አባት ወይም እናት፣ አንዳንድ ጊዜም ታላቅ ወንድም፣ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ከተዘጋጀው ተማሪ ጋር አብረው ይመጣሉ። ይዘውት የመጡት ገንዘብ የእቁብ ዕጣ፣ የእህል ሽያጭ ወይም ከዘመድ አዝማድ የተዋጣ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆነ ይህ በአንድ ወር የተገኘ አይደለም። ሻጩ ሦስት አራት ላፕቶፕ ደርድሮ «ይሄኛው ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲል ቤተሰቡ አባባሉን የሚመዝንበት ነገር ስለሌለው በዋጋውና ከኪቦርዱ ሥር በተለጠፈችው ትንሽ ምልክት ተመርቶ ይወስናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ለእህቴ ልጅ የገዛሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ምልክቷ እውነተኛ ነበረች፤ ማሽኑ በእርግጥም ኮር አይ ሰቨን ነበር። ነገር ግን አራተኛ ጄኔሬሽን (የቆየ ዘመን ሥራ)፣ ባለ ሃርድ ዲስክና ባትሪውም ከ40 ደቂቃ በላይ የማይቆይ ስለነበር፣ ለመጀመሪያው የቡድን ሥራ ስትከፍተው ጓደኞቿ አንድ ገጽ ጽፈው ሲጨርሱ የእሷ ገና አልተነሣም ነበር። በዚያው ገንዘብ የሚገዛ የተሻለ ማሽን በዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ በዚያ መደርደሪያ ፊት ሲቆም ምን ማየት እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

የትምህርት ክፍሉ ገና አልታወቀም

ብዙ ሰው «ለኢንጂነሪንግ የሚሆን» ወይም «ለሕክምና የሚሆን» ላፕቶፕ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ቢሆንም በአብዛኛው ጊዜው አልደረሰም። አዲስ ገቢ ተማሪ በፍሬሽማን ዘመኑ የሚማረው እንደ ሎጂክ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊና የመግባቢያ እንግሊዝኛ ያሉ የጋራ ኮርሶችን ነው፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ በውጤቱና በምርጫው ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወደ ምህንድስናው ፖሊ ግቢ እገባለሁ ብሎ የተነሣ ልጅ ፔዳ በሚባለው ግቢ ኢኮኖሚክስ ሊያጠና ይችላል፤ ተፈጥሮ ሳይንስ ይዞ የመጣውም በዘንዘልማ ግቢ ግብርና ሊደርሰው ይችላል። በፍሬሽማን ዓመት ላፕቶፕ የሚሠራው ሥራ ሞጁል ማንበብ፣ አሳይመንት መጻፍ፣ የመምህራንን ስላይድ መክፈትና በኢንተርኔት መፈለግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መካከለኛ ማሽን ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲያው ምደባው እስኪታወቅ አንድ ዓመት መጠበቅ ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ ሐሳቡ ምክንያት አለው፣ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ላፕቶፕ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ ስለወረደ፣ የአጎት ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት የከፈለውን ይዞ ገበያ የሚወጣ ቤተሰብ መደንገጡ አይቀርም፤ በብር የተቀመጠ የላፕቶፕ ገንዘብም ባለበት አይቆይም። ከዚህም በላይ ልጁ ኪቦርድ የሚለምደው በዚያ ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ጣቱ ያልተፍታታ ተማሪ ፈተናውን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም ጭምር ይፈተናል።

ስለዚህ የእኔ ምክር መካከለኛውን፣ ነገር ግን ኋላ ላይ ሊጨመርበት የሚችለውን ማሽን አሁን መግዛት ነው። ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ሶፍትዌር ወይም ወደ ሲቪል ምህንድስና ቢመደብ ራም ተጨምሮለት፣ ማከማቻው ሰፍቶለት ሊቀጥል የሚችል፣ ወደ ሕግ ወይም ወደ አካውንቲንግ ቢገባ ደግሞ ምንም ሳይነካ እስከ ምረቃ የሚያደርሰው ማሽን አለ። ያንን ማሽን ለመለየት ውስጡን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጎተራው፣ ሰፌዱና ሠራተኛዋ

የላፕቶፕን ውስጥ ከቤት ሥራ ጋር ማስተያየት ነገሩን ያቀለዋል። ማከማቻው፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው፣ ጎተራ ነው፤ ማሽኑ ቢጠፋም በውስጡ ያለው አይወጣም። ራም ለዕለቱ ሥራ የሚበቃው እህል ከጎተራ ወጥቶ የሚቀመጥበት ሰፌድ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ይራገፋል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ በሰፌዱ ላይ ያለውን የምታበጥረው ሠራተኛ ናት። ሠራተኛዋ ምንም ያህል ቀልጣፋ ብትሆን ሰፌዱ ጠባብ ከሆነ በየደቂቃው ወደ ጎተራ መመላለስ አለባት፤ የጎተራው አፍ ጠባብ ከሆነ ደግሞ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። «ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል» የሚባለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሠራተኛዋ አይደለም፤ ከጎተራው አፍና ከሰፌዱ ጥበት ነው።

ከሠራተኛዋ እንጀምር። በኢንቴል ምርቶች ላይ «አይ ፋይቭ» እና «አይ ሰቨን» የሚለው ደረጃ የሚያወዳድረው በአንድ ዘመን የተሠሩትን እርስ በርሳቸው ነው። ዘመኑን የሚናገረው ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ 8250 የሚለው 8ኛ ጄኔሬሽን፣ ኮር አይ ሰቨን 7500 የሚለው 7ኛ ጄኔሬሽን ማለት ነው። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ይነበባሉ፤ 10210 ማለት 10ኛ፣ 1135 ማለት 11ኛ ጄኔሬሽን ነው። ይህ ዝርዝር ለምን እንደሚጠቅም ከላይ ባሉት ሁለቱ ማየት ይቻላል። ኮር አይ ሰቨን 7500 በውስጡ ያለው ሁለት ኮር (ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ሲሆን፣ አንድ ዘመን ዘግይቶ የመጣው ኮር አይ ፋይቭ 8250 ግን አራት ኮር አለው። በሌላ አነጋገር በስሙ ዝቅ ያለው በሥራው ይበልጣል፤ በሱቅ ግን ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ የሚጠራው ባለ «ሰቨኑ» ነው።

8ኛ ጄኔሬሽን ሌላም ድንበር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል፣ እንዲሁም በላፕቶፕ ላይ ከ3000ዎቹ ተከታታይ ቁጥር ወዲህ ያሉትን የሌላውን አምራች የኤኤምዲን ራይዘን ፕሮሰሰሮች ነው። በሱቅ ያሉ ባለሙያዎች አሮጌ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11ን በዘዴ ሊጭኑት ይችላሉ፤ ነገር ግን ማሻሻያው በትክክል እንደሚደርሰው ዋስትና የለም፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ቫይረስ በሚዛመትበት ዶርም ውስጥ ደግሞ ማሻሻያ የቀረበት ማሽን ሰላም አያገኝም። ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ላፕቶፕ በስጦታ ከመጣ ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ጭኖ መጠቀም ይቻላል፤ በገንዘብ ግን ባይገዛ እመርጣለሁ።

ስለ ጎተራው የምለው አጭር ነው፦ ኤስኤስዲ ያልሆነ አይገዛ። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳና ከሰሌዳው በላይ ለጥቂት ተንሳፍፎ የሚያነብ ክንድ አለው። ተማሪው ማሽኑን ሳያጠፋ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ በኮብልስቶን ላይ ሲናጥ ያ ክንድ ሰሌዳውን ሊነካው ይችላል፤ የተነካው ቦታ ላይ የነበረው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ አያሰጋውም፤ በፍጥነትም የሚወዳደሩ አይደሉም። መጠኑ 256 ጊጋባይት ቢሆን ይበቃል፣ 512 ቢሆን ያዝናናል።

ራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን። በ4 ጊጋባይት ዊንዶውስ 11 ይነሣል፤ ብራውዘርና ወርድ አብረው ሲከፈቱ ግን ሰፌዱ ይሞላል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ በሌሎቹ ግን በስሎት የሚሰካ ስለሆነ የታች ክዳኑን በብሎን መፍቻ ከፍቶ ሌላ 8 መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሊጨመርበት የሚችል ማሽን ስል በዋናነት ይህንን ማለቴ ነው።

አሁን ስለ አንድ ወጥመድ ላንሣ። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከሌሎቹ አዳዲሶች በዋጋው በጣም የወረደ ላፕቶፕ ይኖራል። ገልበጥ አድርገው ዝርዝሩን ሲያነቡ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን የሚባለው ደካማው የኢንቴል ዓይነት፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ደግሞ 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ የሚባል፣ በስልክ ውስጥ እንዳለው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ ብቻ ያንን ጎተራ ወደ መሙላት ያደርሱታል። ራምም ማከማቻም አይጨመርበትም። አዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ ከአንድ ጥሩ ያገለገለ ማሽን ጋር ግን አይወዳደርም።

ያገለገለውን መመርመር

ለአብዛኛው ቤተሰብ አቅም የሚስማማው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው ብዬ አምናለሁ። ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ የሚባሉት ተከታታዮች ለድርጅቶች የተሠሩ ናቸው፤ በውጭ አገር ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማሽኖቻቸውን በጥቂት ዓመታት አንዴ በጅምላ ስለሚቀይሩ የተለቀቁት በዱባይና በሌሎች ገበያዎች በኩል እዚህ ይደርሳሉ። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ለብዙ ጽሕፈት የተሠራ ነው፣ መለዋወጫቸውም በገበያ በብዛት ይገኛል፤ ራማቸውም በብዙዎቹ ላይ የሚሰካ ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል ግን የሁለት ወሩንም የስድስት ዓመቱንም ስለሚያጠቃልል፣ ከቃሉ ይልቅ ማሽኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቅርቡ ልጁን ይዞ ከመጣ ጎረቤቴ ጋር አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ ወጣት ነው፣ አክባሪም ነው። «ጋሼ፣ ባትሪው ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆያል፤ እኔ ራሴ የምጠቀምበት ዓይነት ነው» አለ። «እግዜር ይስጥህ፤ እስቲ ቻርጀሩን ነቅለን ከጠፋበት እናስነሣው» አልኩት። መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው። ቀድሞ ተከፍቶ የቆየ ማሽን ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፤ ከጠፋበት ሲነሣ ግን የኤስኤስዲውም የባትሪውም ጤና ይታያል። ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተነሣ። ቀጥለን የማሽኑን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍተን የአፈጻጸሙን ገጽ አየን፤ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከነቁጥሩ፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት መሆኑ፣ ከሁለት ስሎት አንዱ ብቻ መያዙ በዚያ አንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። ከኪቦርዱ ሥር ያለች ምልክት ልትቀየር ትችላለች፤ ለተራ ገዢ ከእሷ ይልቅ ይህ ገጽ ይታመናል።

ባትሪውን ለማወቅ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ላይ በምትጻፍ አንዲት መስመር የሚወጣ «ባትሪ ሪፖርት» የሚባል ሰነድ አለ፤ ማንኛውም ጠጋኝ ያውቀዋል። በሰነዱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይወዳደራሉ፦ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም። የጎረቤቴ ልጅ ማሽን ሲሠራ 50,000 የነበረው አሁን 31,000 ይይዝ ነበር፤ 62 በመቶ ማለት ነው። ሻጩ ቁጥሩን ከእኛ ጋር አብሮ አየና ስለ ሦስት ሰዓቱ ደግሞ አላነሣም፤ ከዋጋው ላይ ግን የአዲስ ባትሪን ያህል ቀነሰልን። ልጁም ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብሎ ባዶ ገጽ ከፍቶ የኪቦርዱን ፊደላት አንድ በአንድ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጫናቸው። ከነጠላ ሰረዙ በስተቀር ሁሉም ሠሩ፤ ነጠላ ሰረዙ ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ካልተጫኑት አይጽፍም ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ስላልሆነ ከዚያው መደርደሪያ ተመሳሳዩን ሌላ ማሽን ጠየቅንና ምርመራውን ከባትሪው ጀምረን ደገምነው።

የቀረው በፍጥነት ይሄዳል። ክዳኑ ሲከፈት ማጠፊያው እንዳይንጫጫና እንዳይላላ፣ ነጭ ገጽ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም የደበዘዘ ጥግ እንዳይኖር፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹ ሁሉ እንዲያነቡ፣ በስልክ ሆትስፖት ዋይፋዩ እንዲይዝ፣ ካሜራውና ድምፁ እንዲሠሩ ይታያል። ስክሪኑ ራሱ 1920 በ1080 ፒክስል ቢሆን ይመረጣል፤ 1366 በ768 የሆነው አሮጌ ዓይነት አንድ ገጽ ለማንበብ እንኳ ብዙ ያንከባልላል፣ ዓይንም ያደክማል። ሩብ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወቱ ሥሩን በእጅ መዳሰስና የፋኑን ድምፅ ማዳመጥም ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ መዘለል የለበትም። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ባዮስ ወደሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ መግባት ነው፤ በአብዛኛው ለዴል ኤፍ 2፣ ለኤችፒ ኤፍ 10፣ ለቲንክፓድ ኤፍ 1 ይጫናሉ። በዚያ የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወይም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የሆነ ድርጅት ስም አውጥቶ የዚያን ድርጅት አካውንት ከጠየቀ፣ ማሽኑ ከቀድሞ ባለቤቱ እጅ በሥርዓት አልወጣም ማለት ነው። ዛሬ ቢሠራም ፎርማት በተደረገ ቀን ሊቆለፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን በምንም ዋጋ አይግዙ።

ለየትኛው ትምህርት ምን ይጨመር

ለሕግ፣ ለማኔጅመንት፣ ለቋንቋ፣ ለጤና ትምህርቶች ከላይ የተገለጸው ማሽን እስከ ምረቃ ያደርሳል፤ ኤስፒኤስኤስን የመሰሉ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞችም በ8 ጊጋባይት ራም ይሠራሉ። ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር የሚያጠና ግን የስልክ መተግበሪያ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮን ከነማስመሰያ ስልኩ ሲከፍት 16 ጊጋባይት ያስፈልገዋል። የንድፍ ፕሮግራሞቹን አውቶካድና ኢታብስን ለሚጠቀም የሲቪል ምህንድስና ተማሪም 16 ቢሆን ሥራው ይቀልለታል። ዘንዘልማ የተፈጥሮ ሀብት ተምሮ በጣና ላይ የእምቦጭን ስርጭት ከሳተላይት ምስል ለመለካት የሚነሣ ተማሪ፣ ምስሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ከራሙ ሌላ ሰፋ ያለ ማከማቻ ይሻል፤ አርክጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሥራ ፕሮግራም ቢከብደው ኪውጂአይኤስ ነፃም ቀላልም ነው። ራሱን የቻለ የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ በእውነት የሚያስፈልገው ባለ ሦስት አውታር ሕንፃ ለሚያቀናብር የአርክቴክቸር ተማሪና በከባዱ የማሽን ለርኒንግ ሥራ ለሚገባ ነው። ለሌላው ተማሪ ባለ ግራፊክስ የጌም ላፕቶፕ ክብደትና ሙቀት ጨምሮ ባትሪውን ቶሎ የሚጨርስ ጭነት ነው።

ማክቡክ የሚመኙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኤም 1 በሚባለው ፕሮሰሰር የመጡት በባትሪ ቆይታ እጅግ የተመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን ራማቸው አይጨመርም፣ ጥገናቸው ውድ ነው፣ እንደ ኢታብስ፣ ሬቪት፣ ሶሊድወርክስና አርክጂአይኤስ ፕሮ ያሉት የምህንድስናና የካርታ ፕሮግራሞችም ለማክ አልተሠሩም። የትምህርት ክፍሉን ላላወቀ ተማሪ አልመክረውም።

መብራት፣ ሙቀትና ቻርጀር

የባሕር ዳር ተማሪ መብራት እንደሚጠፋ አውቆ መግዛት አለበት። ለዚህ ትልቁ ጥቅም ያለው በዩኤስቢ ታይፕ ሲ ቻርጅ የሚሆን ላፕቶፕ ነው፤ ቻርጀሩ ከጓደኛ ሊዋስ ይችላል፣ 45 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ፓወርባንክም መብራት በጠፋበት ማታ አንድ ጊዜ ያህል ይሞላዋል። ለስልክ ብቻ የተሠራው ርካሹ ፓወርባንክ ግን ላፕቶፕን አይሞላም። መብራት ሲጠፋና ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ቻርጀርን፣ ሲከፋም ማዘርቦርድን ስለሚያቃጥል፣ በዶርም ሁሉም በሚሰካበት ዲቫይደር ላይ እንደተሰካ ትቶ መውጣት አይገባም፤ መብራት ሲጠፋ ነቅሎ፣ ከመጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ መሰካት ነው። አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር የማሽኑን ዕድሜ ስለሚያሳጥር በሚገዛበት ጊዜ የቻርጀሩ ቮልትና ዋት ማሽኑ ሥር ከተጻፈው ጋር ይመሳከር።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የሙቀት ወቅት ላፕቶፕን አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር ማስገቢያውን ይደፍነዋል፤ ደረቅ ሰሌዳ ወይም ሰፊ መጽሐፍ ሥሩ ቢደረግ ይበቃዋል። በክረምት ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ የግዴታ ነው፤ ካልተገኘ ማሽኑን በጥሩ ፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ያድናል። ኤስኤስዲ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ስለማይሰጥ የተጻፈ ሁሉ በሌላ ፍላሽ ወይም በጉግል ድራይቭ ይቀመጥ።

ክፍያው ሲፈጸም ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ለሙከራ የተሰጠው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምን ምን ብልሽት እንደሚያካትትና ሲመለስ ገንዘብ ነው ወይስ ሌላ ዕቃ የሚሰጠው የሚለው በቃል ሳይሆን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በማሽኑ ሥር ያለው መለያ ቁጥርም እዚያው ላይ ይስፈርና በስልክ ፎቶ ተነሥቶ እናት ወይም አባት ዘንድ ይቀመጥ፤ ላፕቶፑ ከዶርም ቢሰረቅ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ቁጥር ነው።